1000 ካሬ ጓሮ፣ አንድ የእጅ ጉድጓድ፦ ለበጋ ስንት መደብ ልያዝ?

ጓሮ_ዳንግላ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው ዳንግላ አጠገብ ነው፤ 25 በ40 ሜትር፣ ቀይ አፈር፣ ወደ ምዕራብ ትንሽ ዘንበል ያለ። እስካሁን በብዛት በቆሎና ዱባ ነበረበት፣ ዳር ዳሩን ጌሾ አለ። በሰሜን አጥር በኩል የጎረቤት ባሕር ዛፍ ቆሟል። የእጅ ጉድጓዱ 11 ሜትር ይጠልቃል፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ነው። ኅዳር ላይ 4 ሜትር ያህል ውሃ ይኖረዋል፤ መጋቢት ላይ ወደ 1 ሜትር ይወርዳል።

ከመስከረም ጀምሮ ሙሉውን አትክልት ማድረግ ነው ሐሳቡ፦ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቆስጣ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንች። መደቡ እንዴት ይከፈል? ፍግስ ስንት ይበቃል? ኖራ የሚሉትስ የግድ ነው ወይ? ባለፈው ዓመት የተሞከረው ጥቅል ጎመን ቅጠሉን ዘረጋ እንጂ አልጠቀለለም።


መስኖ_ሰፈር

ወንድሜ፣ መደብ ከመቁጠርዎ በፊት ጉድጓዱን ያስሉት። በበጋ የሚለማውን ስፋት የሚወስንልዎ የመጋቢቱ ውሃ ነው፤ የኅዳሩን አይተው ከዘሩ የካቲት ላይ ግማሹ ቆሞ ይደርቃል።

ስፋቱ 1.20 የሆነ ክብ ጉድጓድ በአንድ ሜትር ከፍታ 1130 ሊትር ገደማ ይይዛል (0.6 በ0.6 በ3.14)። መጋቢት ላይ ያቺ 1 ሜትር በ24 ሰዓት ተመልሳ ብትሞላ እንኳ በቀን የሚያገኙት 1100 ሊትር ነው። ለቤትና ለከብት 200 ይቀንሱ፣ 900 ቀረ። የደረሰ አትክልት በዚያ ፀሐይ በቀን በካሬ 5 ሊትር ያህል ይፈልጋል። 900 ለ5 ሲካፈል 180 ካሬ ይሆናል፤ 1 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ 18 መደብ ማለት ነው። የቀረው መሬት ለክረምት ነው።

«ሌሊቱን ይሞላል» የሚለውን ወሬ ትተው ይለኩት። ጠዋት ገመድ ላይ ድንጋይ አስረው የውሃውን ከፍታ ምልክት ያድርጉበት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ጊዜ ቀድተው እንደገና ይለኩ፤ 35 ሳንቲ ያህል ወርዶ ያገኙታል። ከዚያ በየሰዓቱ ስንት ሳንቲ እንደተመለሰ ይጻፉ። በሰዓት 3 ሳንቲ ብቻ ከተመለሰ 34 ሊትር ነው፣ በ24 ሰዓት 800 ያህል። የቤቱ ሲቀነስ 600 ቀረ፣ 12 መደብ። እስከ ጭቃው ድረስ አይቅዱት፤ ግድግዳው ካልተገነባ ከሥር ይናዳል፣ ደለሉም ምንጩን ይደፍነዋል።

ግን አንድ ማምለጫ አለ። ኅዳር ላይ ውሃው 4 ሜትር ስለሆነ 25 መደብ መጀመር ይቻላል፣ ትርፉ 7 መደብ ከየካቲት በፊት የሚነሳ ነገር ከሆነ። ሰላጣ በሁለት ወር ይነሳል፣ ካሮት በሦስት ወር ከሩብ ገደማ። ቃሪያና ቲማቲም እስከ ሚያዝያ ውሃ ስለሚጠጡ ከ18ቱ ውስጥ ይቆጠሩ።

አጠጣጡ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በየቀኑ ላይ ላዩን በመርጨት ነው። ሁለት ጣት ብቻ ይርሳል፣ ሥሩም እዚያው ሁለት ጣት ላይ ይቀራል፣ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል። ከተዛመተ (ከዘር መደብ ወደ ዋናው መደብ ከተዛወረ) ሁለት ሳምንት ያለፈውን ችግኝ በየ3 ቀኑ በካሬ 15 ሊትር ያጠጡ። ያው ውሃ ነው፣ የሚገባው ግን አንድ ስንዝር ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚፈልጉት የዘር መደብና ገና ያልበቀለ ካሮት ናቸው።

900 ሊትር 45 ጀሪካን ነው፤ በእጅ ከ11 ሜትር መሳብ የአንድ ሰው ወገብ ይጨርሳል። የገመድ ፓምፕ ቢተክሉበት ከዚህ ጥልቀት በደቂቃ 30 ሊትር ያህል ያወጣል፣ ግማሽ ሰዓት ነው።

ባሕር ዛፉን አይርሱት። ከዛፉ 2 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብለው፣ በአጥሩ ርዝመት ሁሉ 1 ሜትር ጥልቀትና 40 ሳንቲ ስፋት ያለው ቦይ ይቆፍሩና ያገኙትን ሥር ይቁረጡ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ቦዩ ካልተጠረገ ሥሩ ተሻግሮ ይመለሳል። ከቦዩ ቀጥሎ ያለውን 5 ሜትር ለጌሾ ይተዉት፤ ካሮት እዚያ ቦታ ላይ ኪሳራ ነው።


ሰርዶ_ነቃይ

ውሃውን መስኖ_ሰፈር ጨርሶታል፣ እኔ ወደ አፈሩ ልሂድ።

መደቡ 1 ሜትር የሚሆነው ከሁለቱም ወገን እጅ 50 ሳንቲ ስለሚደርስ ነው። ከዚያ ከሰፋ እየረገጡ ያርማሉ፣ ቀይ አፈር ደግሞ እርጥብ ሆኖ ከተረገጠ ጡብ ነው። መተላለፊያው 40 ሳንቲ ይሁን። መሬቱ ወደ ምዕራብ ስለሚያዘነብል መደቡ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሂድ፣ ውሃው እንዳይሮጥ። በበጋ መደቡን ከመተላለፊያው 5 ሳንቲ ዝቅ አድርገው ጠርዝ ያብጁለት። ግንቦት ሳያልቅ ገልብጠው 20 ሳንቲ ከፍ ያድርጉት። ይህችን የግንቦት ሥራ የዘለለ ሰው ሐምሌ ላይ ሽንኩርቱ ይበሰብስበታል።

ብስባሽ በካሬ 4 ኪሎ ነው። ለ10 ካሬ መደብ 40 ኪሎ ይሆናል፤ እርጥብ ብስባሽ የሞላበት የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ጆንያ ወደዚያ ስለሚጠጋ አንድ ጆንያ ለአንድ መደብ ብለው ይያዙት። ክምሩ ሲበስል በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለ18 ጆንያ 36 ጆንያ ጥሬ ዕቃ ያስፈልጋል። እኛ አገር እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ስለሚገባ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጓሮ የሚቀረው። እበቱ ካነሰ የበቆሎ አገዳ ተከትክቶ፣ የጤፍ ገለባ፣ የጌሾ እንጨትና አተላም ይገባል። ባሕር ዛፍ ቅጠል አያስገቡ፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሳይበሰብስ ከገባም ሌላውን ያቀጭጫል። እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ የሚያዛ እንጂ የሚያንጠባጥብ አይሁን። መሐሉ ላይ ዱላ ሰክተው ይተዉ፤ ሲያወጡት ሞቅና ረጠብ ካለ እየሠራ ነው፣ ደረቅ ከሆነ ውሃ፣ ሽታው ከከፋ መገልበጥና ገለባ ይጨመርበት። በ3 ሳምንት አንዴ ቢገለበጥ በ3 ወር ይደርሳል። ለመስከረም እንዲደርስ ሰኔ መግቢያ ላይ ተከምሮ በሳር መከደን ነበረበት። ካልደረሰ ያለውን ለጎመንና ለቃሪያ ብቻ ይስጡ። ያልበሰለ ፍግ ካሮት መደብ ላይ ካሮቱን ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ያደርገዋል፣ የሙጃ ዘርም ይዞ ይመጣል።

ማዳበሪያ ካለዎት የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ልክ ሞልቶ 5 ግራም ገደማ ይይዛል። ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) ሲተክሉ በካሬ 4 ቆርኪ፣ ዩሪያ ደግሞ በ3ኛው ሳምንት 2 ቆርኪና በ6ኛው 2 ቆርኪ፣ ከግንዱ አራት ጣት ራቅ ብሎ፣ በአፈር ተሸፍኖ። ለካሮት የመጨረሻዋን ዩሪያ ይተዉለት፣ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ጥቅል ጎመኑ። ነቅለው ሥሩን አይተውት ነበር? እንደ ጣት አባብጦና ተጠማዞ ከሆነ የሥር ማበጥ በሽታ ነው፣ አሲዳማ አፈር የሚወደው። ሥሩ ደህና ሆኖ ካልጠቀለለ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ችግኙ ዘር መደብ ላይ መቆየቱ ነው፤ 4 ወይም 5 ሳምንት ሲሆነው ካልተዛመተ ይቀጭጫል። ሌላው ጥቅል ሊጀምር ሲል የውሃና የናይትሮጅን ማነስ ነው። ጎመን ከሳምንት በላይ ከደረቀበት መጠቅለሉን ይረሳል።

ኖራ የግድ የሚሆነው ፒኤች (የአፈሩ አሲድነት መለኪያ፣ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ ነው። የዳንግላ ቀይ አፈር ብዙው እዚያ ይወድቃል፣ ግን አንድ ጊዜ ይመርመር። ናሙናውን ከጓሮው ከ10 ቦታ፣ ከ20 ሳንቲ ጥልቀት ወስደው ቀላቅለው ግማሽ ኪሎ ያህል ለአፈር ምርመራ ይስጡ። ማን ያውቃል፣ አመድ ለዓመታት ሲደፋበት የኖረው የጓሮው ጥግ ብቻውን ደህና ሊሆን ይችላል፣ እሱን ለይተው ያስመርምሩ። ዝቅ ካለ በካሬ ከ200 እስከ 300 ግራም የግብርና ኖራ በትነው 20 ሳንቲ ድረስ ከአፈሩ ጋር ይቀላቅሉ፣ ከመትከል አንድ ወር በፊት። ቤት የሚለቀለቅበትን የተቃጠለ ኖራ አያምጡ፤ ያ ችግኝና እጅ ያቃጥላል። ኖራም ሆነ አመድ ከዩሪያና ከፍግ ጋር በአንድ ቀን አይግቡ፣ ናይትሮጅኑ ወደ ሰማይ ይተናል። የሁለት ሳምንት ልዩነት ይስጡት። የድንቹን መደብ ደግሞ ከኖራም ከአመድም ያርቁት፤ ኖራ የበላ አፈር ድንቹን እከክ ያወጣበታል።

ርቀት፦ ቀይ ሽንኩርት በ20 በ10 ሳንቲ፣ በ10 ካሬ መደብ 500 ችግኝ። ለዚህ 4 ግራም ዘር ይበቃል። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ፣ ሹል ጫፉ ወደ ላይ፣ ሁለት ጣት ጥልቀት። ካሮት መስመሩ በ20 ሳንቲ፣ 5 ግራም ዘር ከአንድ ጭብጥ ደረቅ አሸዋ ጋር ለመደቡ ይበቃል፤ በወሩ በ5 ሳንቲ ይሳሳል። ሰው ማሳሳቱ ያሳዝነዋል፣ ያላሳሳው ግን የእርሳስ ያህል ካሮት ነው የሚነቅለው። ቆስጣ በ40 በ30፣ ጥቅል ጎመን በ50 በ40፣ ቃሪያ በ70 በ30፣ ቲማቲም በ1 ሜትር በ30 ሆኖ እንጨት ይተከልለት። ድንች በ75 በ30፤ ለ100 ካሬ 440 የእንቁላል ያህል ዘር፣ 22 ኪሎ ገደማ።

የሽንኩርት ዘር ከዓመት በላይ አይቆይም። ከመዝራትዎ በፊት 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ፤ በ10 ቀን 70 ካልበቀለ ይተዉት። ዘር መደብ መስከረም አጋማሽ፣ ማዛመት ከ45 እስከ 55 ቀን፣ ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ሳይደርስ። ያ ያለፈበት ችግኝ ጭንቅላት ከመያዝ ይልቅ አበባ ያወጣል።


ዋልካ

ሌላ ሰው አንብቦ እንዳይሳሳት፦ ከላይ የተባለው ለቀይ አፈር ነው። ብቸናና ደጀን አካባቢ ዋልካ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ላይ ላላችሁ፣ ኖራውን እርሱት፤ ችግራችን አሲድ ሳይሆን ውሃ መተኛት ነው። መደቡን 80 ሳንቲ አጥብቡ፣ በመደብና በመደብ መሐል 40 ሳንቲ ቦይ አውጡ፣ ከፍታው 25 ሳንቲ ይሁን። «ዝቅ ያለ መደብ» የሚባለውም ዋልካ ላይ አይሠራም። ጥር ላይ መሬቱ ሲሰነጠቅ ሥሩን ይበጥሰዋል፣ ስለዚህ ለማጠጣት እስኪሰነጠቅ አትጠብቁ። ቁፋሮው ክረምቱ ሲወጣ አፈሩ እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው ነው፤ ሳምንት ካለፈ ዶማም አይገባው።


የእንጅባራ_ውርጭ

ዳንግላ 2100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከኛ ይሻላል፣ ሆኖም ዘንበል ያለ መሬት ታችኛው ጥግ ላይ ቅዝቃዜው ይተኛል። ቲማቲምና ቃሪያን በምሥራቅ በኩል፣ ከፍ ባለው ላይ ያድርጉ፤ ታችኛውን ለጎመን፣ ለካሮት፣ ለነጭ ሽንኩርት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ማታ ውርጭ ይጠርጠር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ችግኝ ላይ ገለባ በስሱ ጣል አድርገው ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ያንሱት።

ቲማቲም በክረምት ማንም ቢመክርዎ አይሞክሩት። ሐምሌ ላይ ዋግ በሳምንት ይጨርሰዋል።


ጓሮ_ዳንግላ

እግዜር ይስጥልኝ። የጎመኑን ሥር ላነሣችሁት፦ አዎ፣ አባብጦ ነበር። ጉድጓዱም ይለካል። ሌላ ጥያቄ፦ የክረምቱ ድንች አሁን ከ20 አንዱ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ድንገት ጠውልጎ ይወድቃል፤ ማታ ይነሣል፣ በማግስቱ እንደገና፣ በ3ኛው ቀን አይነሣም። ዋግ ነው ተብሎ ማንኮዜብ (የፈንገስ መድኃኒት) ተረጨ፣ ለውጥ የለም። እዚያው መደብ ላይ በበጋ ቲማቲም ሊተከል ነበር።


ሰርዶ_ነቃይ

ቲማቲሙን ያቁሙት! የሚሉት ዋግ አይመስልም። ዋግ ቅጠሉን ከጫፍ ያጠቁረዋል፣ ጠዋት ከቅጠሉ በታች በኩል ነጭ አቧራ ይታያል፣ ይሸታል። አረንጓዴ ሆኖ መጠውለግ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው፤ ለዚያ የሚረጭ መድኃኒት የለም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከጠወለገው ግንድ ከመሬት በላይ አንድ ጣት ርዝመት ያህል በንጹሕ ቢላ ቆርጠው ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጫፉን ብቻ አስነክተው ሳይነቀነቅ ይያዙት። በ5 ደቂቃ ውስጥ ከቁርጡ እንደ ወተት ክር የሆነ ነገር ወደ ታች ከወረደ እሱ ነው። ድንቹንም ለሁለት ቢሰነጥቁት ቡናማ ቀለበት ይኖረዋል፣ ሲጨመቅ ነጭ ፈሳሽ ያወጣል።

ከሆነ፦ የጠወለገውን ከነድንቹና ከሥሩ አፈር ጋር በጆንያ አውጥተው ከጓሮው ውጭ በጥልቅ ይቅበሩ። ብስባሽ ክምር ውስጥ አይግባ፤ ላሞችም ጥሬውን እንዳይበሉት፣ በእበቱ ይመለሳል። እዚያ የሠሩበትን ዶማና ጫማ አጥበው እንጂ ወደ ሌላ መደብ አይለፉ። ከታመመው መደብ የሚወጣ ውሃ ወደ ጤነኛው አይፍሰስ፣ ታችኛው ጎረቤት ላይም። በዚያ ቦታ ቢያንስ 3 ዓመት ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ አይተከል፣ ሁሉም ዘመዶች ናቸው። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ በቆሎ ይቻላል። ራሱን የበቀለ ድንች ደግሞ አንድም ሳይቀር ይነቀል፤ ያቺ አንዷ የተረሳች ድንች ናት በሽታውን የምታሻግረው። ጎመን ግን እርስዎ ዘንድ ሥሩ ስላበጠ ለጎመን ሌላ ቦታ፣ ኖራ የገባበት። የሥር ማበጡም ረጅም ዓመት አፈር ውስጥ ይተኛል፣ ያለፈው ዓመት ጎመን ቦታ ላይ አይመልሱት።

ከዚህ መደብ ለዘር አንድም ድንች አያስቀሩ፣ ጤነኛ ቢመስልም።


ዋልካ

ዘር ከገበያ ከመጣ ነጭ ሽንኩርቱንም ይመልከቱት። ጭንቅላቱ ሥር ላይ ነጭ ሻጋታና ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉበት አያስገቡት። እነዚያ ጥቁሮቹ አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ይቆያሉ፤ አንዴ ከገባ በጓሮው ላይ ነጭም ቀይም ሽንኩርት ተሰናበቱ ማለት ነው።


ጓሮ_ዳንግላ

የብርጭቆው ሙከራ ተደረገ፤ ክሩ በ2 ደቂቃ ወረደ። መደቡ ይታጠራል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ውሃ ለመቆጠብ የጤፍ ገለባ መደቡ ላይ ቢነጠፍ ምስጥ አይጠራም?


መስኖ_ሰፈር

ይጠራል፣ በተለይ ደረቅ ሆኖ ከግንዱ ጋር ከተነካካ። አንድ ጣት ያህል ብቻ ያንጥፉ፣ ከግንዱ አራት ጣት ያርቁት፣ መደቡ ከጠጣ በኋላ እንጂ ከመጠጣቱ በፊት አይሁን። ደረቅ አፈር ላይ የተነጠፈ ገለባ የሚያጠጡትን ውሃ ራሱ ይጠጣዋል። ዘር ሳያፈራ የታጨደ ሳር ከገለባ ይሻላል፣ ምስጡም ያን ያህል አይመጣበትም። ሽንኩርት ላይ ግን ጭንቅላት መያዝ ሲጀምር ያንሱት፤ አንገቱ አየር ካላገኘ ይሻግታል። ቅጠሉ ግማሹ ሲወድቅም ውሃውን ያቁሙ፣ ሁለት ሳምንት ደርቆ ይነቀል።

የጉድጓዱን ልኬት አሁን አንዴ፣ መጋቢት 1 አካባቢ ደግሞ አንዴ ያድርጉት። አሁን ምንጩ ሞልቶ ስለሆነ የሚመለሰው ፍጥነት ያታልልዎታል፤ የመደቡን ቁጥር የሚቀጥለው ዓመት ላይ በመጋቢቱ ያስተካክሉት። ለዘንድሮ በ12 ይጀምሩ።